የማይተነፍሰው ሳንባ

ቦርደዴ ላይ ፍየል የሚታረደው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት አክስቴ፣ አውቶቡሶቹ ከመድረሳቸው በፊት የጥብሱ ሥጋ መከተፍ ስላለበት አራጁን ገና በጨለማ ትቀሰቅሰዋለች። እኔ ስነሣ ፍየሉ ተገፎ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ተለይቷል። ድመቷ ከግራሩ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ታውቃለች፤ ሳንባው የእሷ ድርሻ ነው።

ያን ቀን ግን ድርሻዋን ቀማናት። የአክስቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ናት፣ የባዮሎጂ ፈተና ደርሶባታል። ደብተሯ ላይ ሁለት ባቄላ የሚመስሉ ነገሮች ከአንድ ግንድ ተንጠልጥለው ተሥለዋል፤ ዙሪያቸውን ቀስት እየተሰመረ ስም ተጽፎላቸዋል። ስሙን ሁሉ ሸምድዳዋለች። «ግን አየሩን የሚስበው የቱ ነው?» አለችኝ፣ ከቀስቶቹ መሐል መልሱን እየፈለገች።

«ሳንባው ነዋ!» አለች አክስቴ ሽንኩርት እየከተፈች። «እንደ ወናፍ ነው አቦ። ይነፋል፣ ይተነፍሳል።»

ደብተሩን ዘግቼ ወደ ግራሩ ሄድኩ።

አራጁ የሰጠኝ ነገር ሮዝ መልክ ያለው፣ እዚህም እዚያም ደም የነካው፣ ከሚያክለው መጠን ጋር የማይመጣጠን ቀላል ነገር ነው። ጉበት በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሳንባ ሲይዝ ይገርመዋል። ጣት ሲያሳርፉበት ሰርጎ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ደግሞ ውስጡ እንደ በረዶ ኮረት ኮረት የሚል ድምፅ አለ። አየር ነው። ትሪ ላይ አድርጌ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እርዱ ላይ የተገኙት ጎረቤቶች «ሳንባ» ባልኩ ቁጥር መተርጎም አላስፈለገኝም፤ በኦሮምኛ ሶምባ ነው፣ በሶማልኛ ሳምባብ ነው፣ ትግርኛውም ግእዙም ሳንቡእ ይለዋል። ሦስት አራት ቋንቋ በአንድ ገበያ በሚነገርበት በዚህ መንገድ ዳር ይህን ያህል የተስማሙበት ቃል ብዙ አይመስለኝም።

ትሪው ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ቢላዋው ያለፈው ከማንቁርቱ በታች ስለሆነ ማንቁርቱ ከጭንቅላቱ ጋር ቀርቷል። ስለዚህ ላይኛውን ክፍል በራሳችን አንገት ላይ አየነው።

«ማንቁርትሽን በሁለት ጣትሽ ያዢና ምራቅሽን ዋጪ።» አደረገችው። ከጣቶቿ አምልጦ ወደ ላይ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ። ይህን በቀን ስንት መቶ ጊዜ እናደርገዋለን፣ አንድ ጊዜም ልብ አንለውም። ከአፍንጫ የሚመጣው አየርና ከአፍ የሚመጣው ምግብ ጉሮሮ ላይ ይገናኛሉ። አየሩ ከፊት ወዳለው ቧንቧ፣ ምግቡ ከኋላ ወዳለው መሄድ አለበት፤ ማለትም መንገዳቸው ይተላለፋል። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ተነሥቶ ከምላስ ሥር ይሸጎጣል፣ እንደ ቅጠል ያለች ክዳን ትደፋበታለች፣ የድምፅ አውታሮቹም ይገጥማሉ። ጉርሻው በላዩ አልፎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ጉርሻ አፋችን ውስጥ ሳለ ሳቅ ከመጣ ግን በሩ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ያኔ ነው ትን የሚለን። እኔን ብትጠይቁኝ የሰውነታችን ትልቁ የአሠራር ጉድለት ይህ መስቀለኛ መንገድ ነው። ሆኖም እዚያው በር ላይ የተወጠሩት ሁለት አውታሮች ናቸው ንግግሩንም፣ ዜማውንም፣ አዛኑንም የሚሰጡን፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ አላማርርም።

ከማንቁርት በታች ያለው ቧንቧ ትሪው ላይ ነበር። ልጅቷን በጣቷ እንድትዳብሰው አደረግኳት። ቀለበት ቀለበት አለው፤ እንደ ቫኩም ማጽጃ ጎማ። የሰው ቧንቧ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከ16 እስከ 20 የሚሆኑ የልም አጥንት ቀለበቶች ይዘውታል። ቀለበት ስል ሙሉ አይደሉም። ከኋላ ክፍት ናቸው፣ የፈረስ ጫማ ብረት ዓይነት። ክፍቱ በኩል የምግብ ቧንቧው ተለጥፎ ስለሚወርድ፣ ትልቅ ጉርሻ ሲያልፍ ቦታ ይለቅለታል። የምግብ ቧንቧው ቀለበት የለውም፤ ባዶ ሲሆን ይጣበቃል፣ ሥራ ሲመጣ ይከፈታል። የአየሩ ግን አንድ ደቂቃ መዘጋት አይችልም። ስለዚህ ልም አጥንት ያዘው።

ቧንቧው ደረት ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። (የፍየሉን ስታዩ አትሳሳቱ፤ ለፍየል፣ ለበግና ለከብት ዋናው ቧንቧ ሳይከፈል ገና ከላይ ወደ ቀኙ ሳንባ አንድ ተጨማሪ ቅርንጫፍ ይወጣል። እኛ የለንም። የቀኙም የፍየል ሳንባ ከእኛ ይልቅ የተከፋፈለ ነው።) የሰው ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ ግራው ሁለት። ግራው ያነሰው ልብ ቦታውን ስለተሻማው ነው። ይህ ትንሽ አለመመጣጠን ሌላ ጣጣ አለው። ወደ ግራ የሚሄደው ቅርንጫፍ ልብን ለማለፍ ጋደም ይላል፤ የቀኙ ግን አጠር፣ ሰፋ ብሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወደ ቧንቧው የገባ ባዕድ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው።

አክስቴ ቢላዋዋን አቆመች። «የሷም በቀኝ ነበር» አለች ልጇን በአገጯ እያሳየች።

ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ መንገደኛ ከምሥራቅ ሲመለስ የባቢሌ ኦቾሎኒ በፌስታል ሰጣት። እየሮጠች ስትበላ ትን አላት፤ ፊቷ ጠቆረ፣ ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ተወት አደረጋት። «ሳሏ ሲቆም አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ» አለች አክስቴ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ ስትተኛ ደረቷ ውስጥ ፉጨት መጣ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ አስም ነው አለ። ጭሮ ከተማ ያየቻት ሐኪም ማዳመጫውን በግራ ስታደርግ አየሩ ሲገባና ሲወጣ ሰማች፤ በቀኝ በታች በኩል ዝም ያለ ነው። «ኦቾሎኒ በልታ ነበር?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት። በመጨረሻ ትልቅ ሆስፒታል ወስደው፣ አስተኝተው፣ በአፏ በኩል ቀጭን መመልከቻ አስገብተው አወጡት። ግማሽ ፍሬ ነበር።

ይህ የሳል ጸጥታ ብዙ ወላጅ ያታልላል። ባዕዱ ነገር ዋናው ቧንቧ ላይ ሳለ ቧንቧው ይቆጣል፣ ልጁ ይሰቃያል፤ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ወርዶ ሲቀመጥ ግን የቀረው ሳንባ ሥራውን ስለሚቀጥል ሁሉ ነገር ያለፈ ይመስላል። ኦቾሎኒ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ዘይቱም የቧንቧውን ግድግዳ ያስቆጣል። ቆሎና ኦቾሎኒ አራት አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም የሚባለው ጥርስ ስለሌለው ብቻ አይደለም።

ከዚያ በታች ያለውን በቢላዋ መከተል ይቻላል፣ እስከ ተወሰነ ድረስ። ቧንቧው ለሁለት፣ እነዚያ ለሁለት ለሁለት፣ እነዚያም እንዲሁ እየሆኑ እንደ ተገለበጠ ግራር ይቀጥላሉ። ክፍፍሉ 23 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። የመጀመሪያዎቹ 16 ያህሉ አየር ማሳለፊያ ብቻ ናቸው፤ ምንም አይለዋወጥባቸውም። አንድ ተራ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል ነው፣ ትንሿ የውኃ ጠርሙስ ልክ። ከዚያ ላይ ሁለት ሲኒ የሚያህለው መንገዱ ላይ ይቀርና ሳይሠራ ይመለሳል። ሌላው የመጨረሻዎቹ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ የአየር ከረጢቶቹ አሉ። የእያንዳንዳቸው ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ልጅቷ «ከረጢት» የሚለውን ቃል ሰምታ ትሪው ላይ ትፈልግ ጀመር። በዓይን አይለይም። የተቆረጠው ፊት ላይ የሚታየው ጥግግት ያለ ዓይን ዓይን ብቻ ነው።

ዓይን ካልን እንጀራ ይሻለናል። ዓይን ያለው እንጀራ ወጥ የሚጠጣው ለምንድን ነው? ዓይኖቹ ወጡ የሚያርፍበትን ፊት ስለሚያበዙት ነው። ሳንባም ይህንኑ ያደርጋል፣ ግን ልክ የለውም። የከረጢቶቹ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአክስቴን ምጣድ ለካን፤ የሚወጣው እንጀራ ዳር ከዳር 58 ሴንቲ ሜትር ነው። ደብተሩ ጀርባ ላይ አሰላነው፦ 265 እንጀራ።

«የሦስት ቀን ጋገራዬ ነው» አለች አክስቴ፣ ደረቷን እያየች።

የሦስት ቀን ጋገራ አንድ ደረት ውስጥ ተጣጥፎ ገብቷል። ውፍረቱ ግን የእንጀራ አይደለም። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ አንድ የራስ ፀጉር መቶ ጊዜ ቢሰነጠቅ ነው። በአንድ በኩል አየር፣ በሌላ በኩል ቀይ የደም ሕዋሶች በአንድ ረድፍ ተሰልፈው የሚያልፉባት ጠባብ ሥር። ኦክስጅን ወደ ደም ይሻገራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይሻገራል። የሚገፋቸው የለም። ብዙ ካለበት ትንሽ ወዳለበት ራሳቸው ይሄዳሉ፣ የቡና ሽታ ከጓሮ ወደ ሳሎን እንደሚመጣው። የምናስገባው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፣ የምናወጣው 16 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ያገኘነውን ሁሉ አንጠቀምም፤ ከተተነፈሰ አየር ላይ ለሌላ ሰው የሚበቃ ስለሚተርፍ ነው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት የሚሠራው።

ደም ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ለማወቅ ሰው ብዙ ዘመን ፈጅቷል። የግሪኩ ሐኪም ጋሌን ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ፣ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር፤ ከሺህ ዓመት በላይ ይህ ተነበበ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ተምሮ ካይሮ ላይ ሐኪም የነበረው ኢብን አል-ነፊስ ግድግዳው ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም፣ ደሙ ዞሮ በሳንባ በኩል ነው የሚያልፈው ብሎ ጻፈ። ያ ጽሑፉ በርሊን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሰው ልብ ያለው በ1924 (እ.ኤ.አ.) ነው። የጣሊያኑ ሐኪም ማልፒጊ በ1661 (እ.ኤ.አ.) የእንቁራሪት ሳንባ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ደም የሚሻገርባቸውን ቀጫጭን ሥሮች በዓይኑ አገኘ። በልብ ፈንታ ሳንባውን፣ ያውም የእንቁራሪቱን ማየቱ ነው የጠቀመው፤ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ።

ከጎረቤት ጎሚስታ የእጅ መንፊያ ተዋስኩ። በአፍ መንፋት ይቻላል፣ ሕፃን ሳለን አድርገነዋል፤ ግን የታረደ እንስሳ ሳንባ ውስጥ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ አይመከርም። የመንፊያውን ጎማ ቧንቧው ውስጥ አስገብቼ በእጄ ጨበጥኩና አንድ ሁለት ጊዜ ገፋሁ። ሳንባው ተነሣ። ከትሪው ላይ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ቀለሙ ፈዝዞ ወደ ነጭ ሮዝ ተለወጠ፣ ጠርዞቹ ተወጠሩ። ልጅቷ ጮኸች። አራጁ ሳይቀር መጣ። ከዚያ እጄን ለቀቅኩ፤ ፉ... ብሎ ኩምሽሽ አለ።

«አየሽ ራሱ ሲተነፍስ!» አለች አክስቴ።

ማስወጣቱን ራሱ አስወጥቷል፤ ልክ ናት። ሳንባ ላስቲክ ነው፣ ከወጠሩት መመለስ ይፈልጋል። ዝም ብለን ስንቀመጥ ትንፋሽ ለማስወጣት ምንም ጉልበት የማናወጣው ለዚህ ነው። ማስገባቱ ግን የኔ እጅ ነበር። ሳንባ ውስጥ አየር የሚስብ ጡንቻ የለም። ቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ያለው ቀጭን ጡንቻ ቧንቧውን ያጠብባል ወይም ያሰፋል እንጂ (አስም ሲነሣ የሚጨብጠው እሱ ነው) አየር አይስብም። አራጁም ነገሩን ያውቀዋል፦ ደረቱን ገና በቢላዋ ሲከፍተው ሳንባው ወዲያው ኩምሽሽ ይላል። ከዚያ በፊት ወጥሮ የያዘው ደረቱ ነበር ማለት ነው።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አነሣን። ታችኛውን በቢላዋ ቆርጠን ጣልን። ፊኛ ወደ ውስጥ አስገብተን አፉን ጠርሙሱ አፍ ላይ ገለበጥነው። ከታች የተቆረጠውን በሌላ ፊኛ ቅዳጅ ወጥረን አሰርነው። ልጅቷ የታችኛውን ላስቲክ ሳብ ስታደርገው ውስጥ ያለው ፊኛ ማንም ሳይነፋው አበጠ። ስትለቀው ኩምሽሽ አለ። ሳበች፣ ለቀቀች። ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገመችው፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ።

ጠርሙሱ ደረት ነው። የታችኛው ላስቲክ ዲያፍራም ነው፤ ደረትን ከሆድ የሚለይ ስስ ሥጋ፣ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ የተቆለመመ። ሲኮማተር ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል፣ ደረት ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል። የጎድን አጥንቶችም በመካከላቸው ባሉት ጡንቻዎች እየተሳቡ እንደ ባልዲ መያዣ ወደ ላይና ወደ ጎን ይነሣሉ። ቦታው ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውጭ ያለው አየር የሚበልጥ ግፊት ስላለው ገፍቶ ይገባል። እኛ አየር አንስብም፤ ቦታ እንከፍትለታለን፣ አየሩ ራሱ ይመጣል። ስርቅታ ሲይዘን ብድግ የሚያደርገንም ይኸው ዲያፍራም ነው፣ ሳንፈልግ በድንገት እየተኮማተረ።

ታዲያ ሳንባው ከደረቱ ጋር አብሮ የሚሰፋው በምን ታስሮ ነው? በምንም። አክስቴ ያጠበቻቸውን ሁለት ትሪዎች እርጥብ እንዳሉ ደርባቸዋለች። አንሸራተትኳቸው፣ እንደ ልብ ተንሸራተቱ። ላላቅቃቸው ስል ግን እምቢ አሉ። ሳንባው በአንድ ስስ ሽፋን ተለብዷል፣ የደረቱም ውስጥ በሌላ፤ በመካከላቸው ጥቂት ማንኪያ የማይሞላ እርጥበት አለ። እንደ ትሪዎቹ ይንሸራተታሉ፣ አይላቀቁም። በአደጋ ደረት ተወግቶ በዚያ መሐል አየር ከገባ መያዣው ይለቃል፣ ሳንባውም አራጁ እንዳየው ኩምሽሽ ይላል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሳንባው ግን አይከተለውም።

እርጥበት ግን ጠላትም ነው። ውስጡን ያጠቡት ቀጭን ፌስታል ሲጣበቅ አፉን ለማላቀቅ ስንት ጊዜ ይታሻል? የአየር ከረጢቶቹም ግድግዳቸው እርጥብ ስለሆነ ትንፋሽ ባወጣን ቁጥር እንደዚያ መጣበቅ ነበረባቸው። የማይጣበቁት ሳንባ ራሱ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ስለሚያመነጭና የውኃውን መሳሳብ ስለሚያላላ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ አልደረሰለትም። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ኤለን አቬሪ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባዋ ጋር እስክታሳይ ድረስ እነዚያ ሕፃናት ለምን እያቃሰቱ እንደሚሞቱ በውል አይታወቅም ነበር። ዛሬ ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት መርፌ ይሰጣል፣ ሕፃኑም በቧንቧው በኩል ያንኑ ነገር ሊያገኝ ይችላል።

«ስለዚህ ወናፍ አይደለም» አለች ልጅቷ፣ እናቷን እያየች።

አይደለምም፣ ነውም። ቀጥቃጩ ቤት ያለው ወናፍ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ብቻውን ምንም አያደርግም፣ የሚከፍተውና የሚጫነው የቀጥቃጩ እጅ ነው። ሳንባው ቆዳው ነው፤ እጁ ደረቱ ነው። አክስቴ በዚህ ረክታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እያጠናቀቀች ሳለ የጧት ሳሏ መጣባት።

ያ ሳል ያሳስበኛል። በዚህ መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሮ ይሸጣል፣ አክስቴም ሃያ ዓመት ከምድጃ ጋር ኖራለች። ሳንባ ለውጭው ዓለም የተጋለጠ አካል ነው፤ በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ይገባበታል። በቢጫው ጀሪካን 500 ጀሪካን ነው። ይህን ሁሉ አየር አፍንጫ ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ ትልልቁን አቧራ በፀጉሩና በንፍጡ ይይዛል። ያመለጠው ቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ያለ አክታ ላይ ይጣበቃል። አክታው ደግሞ ቆሞ አይቀርም። ከሥሩ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ ፀጉሮች በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ፣ ነፋስ እንደሚያስጎነብሰው የማሽላ ማሳ፣ ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እዚያ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ሌሊቱን ሁሉ የሚሠራ መጥረጊያ ነው።

ጭስ የሚጎዳው መጀመሪያ ይህንን መጥረጊያ ነው። የማገዶም ሆነ የሲጋራ ጭስ ፀጉሮቹን ያዳክማል፣ አክታውን ያበዛል። መጥረጊያው ሲቆም የሚቀረው መሣሪያ ሳል ብቻ ነው፤ የአክስቴ የጧት ሳል ሌሊት ያልተጠረገው ነው። የጭሱ በጣም ደቃቁ ክፍል ደግሞ አክታው ላይም ሳይያዝ እስከ ከረጢቶቹ ይወርዳል፤ እዚያ ፀጉር የለም፣ ያገኙትን የሚውጡ ሕዋሶች ብቻ ናቸው ያሉት። ለዓመታት ሲከማች ግድግዳዎቹ ይፈርሳሉ፣ ትንንሾቹ ዓይኖች ተቀላቅለው ትልልቅ ዓይን ይሆናሉ። እንጀራው ዓይኑ ሲጠፋ ማለት ነው፤ ፊቱ ያንሳል። የፈረሰው አይሠራም፤ ያልፈረሰው እንዲተርፍ ግን ጭሱን መቀነስ ይቻላል። የተሻሻለ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ይሻላል፤ በኔ አስተያየት ግን ቦርደዴ አንድ ዕድል አላት፦ ሙቀቷ ምድጃውን ወደ ዳስ አስወጥቶታል። ከአራት ግድግዳ ይልቅ አራት እንጨት ይሻላል።

ወደ ላይ፣ ወደ ጭሮ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጭሮ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በብርድ ወራት የከሰል ምድጃ ወደ ቤት ይገባል፣ በር ይዘጋል። ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም የለውም። ሳንባ ደግሞ አይመርጥም፤ ኦክስጅን በሚሻገርበት በዚያው ስስ ግድግዳ ያሳልፈዋል። ደም ውስጥ ሲገባ የኦክስጅንን መቀመጫ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይነሣል ይወርዳል፣ ግን ኦክስጅኑ የሚሳፈርበት የለም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ፤ ከዚያ አይነቃም። አክስቴ ከሰል ስታቀጣጥል ጨው ጣል ታደርግበታለች፣ «መርዙን ያጠፋዋል» ብላ። አያጠፋውም። የሚያጠፋው የተከፈተ በር ነው።

ስለ ከፍታ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ቦርደዴም፣ ጭሮም፣ አዲስ አበባም የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ደጋ የኖሩ ሕዝቦች ይህን በየራሳቸው መንገድ ችለውታል። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በዝቷል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ውጤት ግን ያልተጠበቀ ነበር፦ ሄሞግሎቢናቸው የቆላ ሰው ያህል፣ የደማቸው ኦክስጅን ሙሌትም 95 በመቶ ገደማ። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ ያስታወሰ ይህ ቁጥር ይገባዋል፤ በዚያ ከፍታ የቆላ ሰው ቁጥር ነው።

ሳንባውን ለሁለተኛ ጊዜ ስነፋው ልጅቷ አንድ ነገር አየች። ከግራው ክፍል ጠርዝ አካባቢ ጣት የምታህል ቦታ አልተነሣችም። ዙሪያዋ ሲያብጥ እሷ ነጭ ሆና ጠንክራ ቀረች። ላስቆርጣት አልፈለግኩም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይመስላል፣ እንዲህ ያለ በእርድ እንስሳ ሳንባ ላይ በአገራችን ቄራዎች በብዛት ይገኛል፤ ሥጋ መርማሪዎች ሳንባ ከሚጥሉባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ውስጡ የውሻ ኮሶ ትል ጫጩት አለ። ውሻ ያንን ጥሬ ሳንባ ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ ፍየሏ ትግጠዋለች። ሰውም በእጁ፣ በምግቡ ያገኘዋል፤ ያኔ ከረጢቱ በሰው ሳንባ ወይም ጉበት ውስጥ ያድጋል። አዙሪቱ የሚቆረጠው ውሻው ጥሬውን ሳያገኝ ነው።

«ታዲያ ድመቷ?» አለች አክስቴ።

ድመቷ ብቻ ብትሆን ደህና ነበር፤ ግን የሠፈሩ ውሾች ከድመቷ ይነጥቋታል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተንተክትኮ ይቀቀል ተባባልን። አክስቴ አሮጌውን ድስት ጣደች፣ ሳንባውን ጨመረችበት። ተንሳፈፈ። በጭልፋ ወደ ታች ተጫነችው፣ ተመልሶ ወጣ።

«አንድም ትንፋሽ አልቀረውም እኮ» አለች።

«ቀርቶታል» አለች ልጅቷ። የሰው ሳንባ የቻለውን ያህል ቢያወጣ እንኳ ከሊትር በላይ አየር ውስጡ እንደሚቀር ደብተሯ ላይ ተጽፏል፤ አሁን ነው የገባት። ጭልፋውን ከእናቷ ተቀብላ እሷም ሞከረች። ጠልቆ ወጣ። ከአስፋልቱ የድሬዳዋው አውቶቡስ ጡሩንባ ተሰማ፣ አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ጥብሷ ሮጠች። ድመቷ ከግራሩ ሥር ተነሥታ መጥታ ከድስቱ አጠገብ ተቀመጠች።